ብሎን አልፈታም ሲል፤ ቫይስ ግሪፕ ስንገዛ ምን እንይ?

(በአባላት ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «የዚህ ወር ተናጋሪ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት» ስትል፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ቁጠባ መዋጮ ልቆጣችሁ የመጣሁ ሳይመስላችሁ አልቀረም። ያልከፈላችሁ አላችሁ፤ ስማችሁም ደብተሬ ላይ አለ። እሱን ግን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ፒንሳ ነው። ፒንሳ ስል ደግሞ ሽቦ የምንቆርጥበትን ሳይሆን፣ ነክሶ የሚቆለፈውንና በተለምዶ ቫይስ ግሪፕ የምንለውን ነው።

«ይሄ የወንዶች ነገር አይደለም ወይ?» ያለችኝ እህት አለች። መኪናው የእኛ፣ ምጣዱ የእኛ፣ ሲቆም የሚቀረው ገንዘብም የእኛ ከሆነ፣ ብሎኑ ብቻ የወንድ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ማንንም አላማም።

ባለፈው ነሐሴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ተቀብለን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጥድፊያ መሐል ከእግር ስፌት መኪኖቻችን በአንዱ ላይ መርፌ ተሰበረና ቁራጩ ማሰሪያው ውስጥ ቀረ። መርፌውን የምታጠብቀው ትንሿ ብሎን ደግሞ አልፈታም አለች። በመኪናው የምትሠራዋ እህታችን መጀመሪያ በጣቷ ሞከረች፣ ቀጥላ በወጥ ቤት ቢላ፣ በመጨረሻም ከጎረቤት በተዋሰችው ትልቅ ካቻቪቴ። የካቻቪቴው ጫፍ ከብሎኗ መግቢያ በላይ ወፍራም ስለነበር ዳር ዳሩን እየላጠ መግቢያዋን በላው።

ከዚያ እኔ ዘንድ መጣች። «እባክሽ እህቴ፣ ደህና ፒንሳ ግዙልኝ፤ ራሷን ይዤ ላዙራት» አለችኝ። እኔ የበጀት ወረቀቴን አወጣሁ። «ማሽን መግዣ» የሚል መደብ አለ። «ጨርቅና ክር» የሚል አለ። «ጥገና» የሚለው በግንቦት አልቋል። «የእጅ መሣሪያ» የሚል ጭራሽ የለም። ስለዚህ «በጀት የለውም» አልኳት። ይህን ቃል በቀን ስንቴ እንደምለው እናንተው ታውቃላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ግን መኪናው ቆሞ ማየቱ እኔንም ስላሳፈረኝ፣ ከጥቃቅን ወጪ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይዤ ወጣሁና ከመንገድ ዳር ሻጭ አንድ ቫይስ ግሪፕ ገዛሁ። ከነበሩት ሁሉ ትልቁን፣ ባለ 10 ኢንቹን ነበር የመረጥኩት፤ ማለትም ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን። ትልቅ ስለሆነ ጠንካራ መሰለኝ። ዋጋውም ከትንሿ ያንስ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ የሒሳብ ሰዎች «ቁጠባ» እንለዋለን።

እሷ «ቀስ በዪ» እያለችኝ እኔው ነከስኩበትና ሳብኩት። ቀጭ አለ። ለአንድ አፍታ የተፈታች መስሎኝ ደስ አለኝ። ፒንሳውን ሳነሳው የብሎኗ ራስ መንጋጋው ውስጥ ነው፤ ግንዷ መኪናው ውስጥ ቀርቷል።

መኪናው 11 የሥራ ቀን ቆመ። እህታችን የምትከፈለው በሰፋችው ልብስ ቁጥር ነው፤ ድርሻዋን ሌሎች ተከፋፍለው ሰፉላት እንጂ ክፍያው ለሰፋው ነው የሚደርሰው። ወሩ ደግሞ ለልጆች ደብተር የሚገዛበት ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት የስፌት መኪና ጠጋኝ አገኘን። መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄን በምን ነካሽው?» አሉኝ። ፒንሳውን አሳየኋቸው። ሳቁ። «ይሄማ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለዚህች ብሎን የሚያስፈልጋት ጣት ነው፤ አንቺ ክንድ አመጣሽባት» አሉ። የቀረውን ግንድ በቀጭን ፑንታ መሐሉን በስተው አወጡትና አዲስ ብሎን አገቡ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ያስረዱኝ ነገር፣ በኋላም መርካቶ ሄጄ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ የፈተሽኩት፣ የዛሬው ንግግሬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። ማንኛውንም የዱቄት ሳሙና ኦሞ እንደምንለው ሁሉ፣ ቫይስ ግሪፕም በመነሻው የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ነው። የፈጠረው ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የሄደ ዊልያም ፒተርሰን የተባለ አንጥረኛ ሲሆን፣ የሚሠራውም በነብራስካ ግዛት ዴ ዊት በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት በ1921፣ የሚቆለፈውን ደግሞ በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስመዘገበ። ሁለት እጁ ሥራ ላይ የሆነ አንጥረኛ የሚይዝለት ሦስተኛ እጅ ቢያምረው አይገርምም።

አቆላለፉን ለመረዳት ጉልበታችሁን አስቡ። ቆመን ጉልበታችንን ቀጥ አድርገን ስንዘረጋው ራሱን ያስራል፤ ያለ ብዙ ድካምም ይሸከመናል። ትንሽ አጠፍ ካደረግነው ግን ጭኖቻችን ወዲያው ይደክማሉ። በፒንሳው እጀታ ውስጥ ያለችው አጭር ብረትም እንደዚያው ናት። እጀታውን ስንጨምቀው እየተዘረጋች ትሄድና ከቀጥታው መስመር ጥቂት አለፍ ስትል ትቆለፋለች። ከዚያ ወዲያ እጃችንን ብንለቀውም መንጋጋው አይለቅም። ምን ያህል አጥብቆ እንደሚነክስ የምትወስነው በእጀታው ጫፍ ያለችው ማስተካከያ ብሎን ናት። መፍቻዋ ደግሞ በውስጥ በኩል ያለችው ትንሽ ምላስ ናት።

ታዲያ ይህ ለተበላ ብሎን ለምን ይጠቅማል? በተራ ፒንሳ ብሎን ስንፈታ አንድ እጃችን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይጨምቃልም፣ ያዞራልም። ማዞሩ ሲከብደን መጭመቁን ሳናውቀው እናላላለን። ያኔ መንጋጋው ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ እንደ ሊማ ሞርዶ ክብ ያደርገዋል። በሚቆለፈው ፒንሳ ግን መጭመቁ አንዴ ተሠርቶ አልቋል፤ እጃችን የሚቀረው ማዞር ብቻ ነው። ጉልበት የሚያንሰን እኛ ከዚህ ዕቃ ይበልጥ የምንጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አመራረጡ ልግባ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሚፈታው ብሎን የት እንደተቀመጠ እዩ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ሻጩ ግን አይጠይቃችሁም። የብሎኑ ራስ ከላዩ ከፍ ብሎ ዙሪያው ክፍት ከሆነ ፒንሳውን ከጎን አግብታችሁ መንከስ ትችላላችሁ፤ ያኔ እጀታው እንደ ቁልፍ ረጅም ማዞሪያ ይሆናል። ብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጥግ ላይ ከሆነ ግን ያላችሁ መንገድ ከፊት ለፊት፣ በፒንሳው አፍንጫ ጫፍ መያዝ ብቻ ነው። በዚህ አያያዝ የእጀታው ርዝመት አይረዳም። የምታዞሩት በእጅ አንጓችሁ ጉልበት ብቻ ነው። የፒንሳውን መጠንም ሆነ የመንጋጋውን ቅርጽ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ስለ መጠን። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ባለ 5፣ ባለ 7 እና ባለ 10 ኢንች ናቸው፤ በግምት 13፣ 18 እና 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ቀጭን ረጅም አፍንጫ ያላቸው ደግሞ ባለ 6 ኢንቹ የተለመደ ነው። ከጎን ሲነከስ፣ እጃችን የሚያርፍበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ብሎኑ ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይልም እጥፍ ይሆናል። ለዛገ ትልቅ ብሎን ይህ በረከት ነው። ግንዱ ሦስት ሚሊ ሜትር ለሆነ የስፌት መኪና ብሎን ግን፣ ከእኔ እንዳያችሁት፣ አንገት መቁረጫ ነው። በትንሿ ፒንሳ ስትሠሩ ብሎኑ እምቢ እያለ መሆኑ ለእጃችሁ ይሰማዋል። በትልቁ ምንም ሳይሰማችሁ ይቆረጣል።

ሌላም ነገር አለ። ባለ 10 ኢንቹ ሲከፈት እጀታው በጣም ይራራቃል። እኔ በአንድ እጄ ጣቶቼን አድርሼ መዝጋት አልቻልኩም። ዕቃውን ስትመርጡ በሰፊው ከፍታችሁ በአንድ እጅ ለመቆለፍ ሞክሩ። ሻጩ በራሱ እጅ ዘግቶ «አየሽ፣ እንዴት ቀላል ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ የሚሠራበት የእሱ እጅ አይደለም።

ስለ መንጋጋ። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው መሐሉ ጎድጎድ ያለ ሲሆን፣ ክብ ነገርንና ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎንን በበርካታ ቦታ ስለሚነካ አጥብቆ ይይዛል። ለወፍጮ ቤት ብሎኖች፣ ለዳዶ፣ ለቧንቧ ይሄ ነው። ትንሽ ብሎን ግን መሐሉ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛው መንጋጋው ቀጥ ያለ ነው፤ ጎንና ጎኑ ጠፍጣፋ ለሆነ ነገር ይስማማል። የብሎኑ ራስ ክብ ሆኖ የሚያዳልጥ ከሆነ ሁለቱን ጎኑን በሊማ ትንሽ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጎ በዚህ መንከስ እንደሚቻል ያስተማሩኝ እኒያ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛው ቀጭን አፍንጫ ያለው ነው። ጠባብ ቦታ ይገባል፤ ለስፌት መኪናና ለምጣድ ትንንሽ ብሎኖች የምመርጠው እሱን ነው። ድክመቱ ጫፉ ስስ መሆኑ ነው። ትልቅ ብሎን ነክሳችሁበት ብትታገሉ ጫፉ ይጣመምና ከዚያ በኋላ ጥርስ ለጥርስ አይገጥምም።

ጥርስን ካነሳሁ አንድ ብዙ ሰው የማያየውን ልንገራችሁ። አብዛኛው ፒንሳ መንጋጋው ላይ ያለው ጥርስ አግድም የተቆረጠ ነው። ከጎን ስትነክሱ ችግር የለውም። ከፊት ለፊት ስትይዙ ግን የጥርሱ መስመር ብሎኑ ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር አንድ ይሆንና፣ ጥርሱ እንደ ሐዲድ ሆኖ ብሎኑን ያንሸራትተዋል። ለተበላ ብሎን ተብለው የሚሠሩ ፒንሳዎች ጫፋቸው ላይ ወደ ቁመት የተቆረጠ ጥርስ አላቸው፤ ይህ ጥርስ መዞሩን ይሻገረዋል፣ ስለዚህ ይቆነጥጣል። ኦሳካ ያለ ኢንጂነር የሚባል የጃፓን ፋብሪካ በዚህ ዓይነት ፒንሳ ስም አውጥቷል። መርካቶ ውስጥ አላጋጠመኝም፤ ግን የሚቆለፍ ፒንሳ ስትገዙ ጫፉን ገልብጣችሁ ብታዩ፣ ወደ ቁመትም ጥርስ ያለው ወይም እንደ ወንፊት በሁለቱም አቅጣጫ የተቆረጠ ልታገኙ ትችላላችሁ። ካገኛችሁ ከሌላው ይልቅ እሱን አንሱ።

ስለ ብረቱ። ጥሩዎቹ ላይ ክሮም ቫናዲየም ወይም ክሮም ሞሊብዲነም የሚል ምልክት ይቀረጻል። ብረቱ ጠንካራ ቅይጥ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነው። ችግሩ ጽሑፍ ማንም መቅረጽ ይችላል። ደረሰኝ ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ የእኔ ሙያ ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ ከጽሑፉ ይልቅ ዕቃውን ፈትኑት። እኔ ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ፒንሳውን እዘጋና ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ። ጫፎቹ ሳይገጥሙ መሐል ለመሐል ከገጠመ፣ ወይም አንዱ መንጋጋ ከሌላው ወደ ጎን ዘንበል ካለ፣ እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ ወረቀት በጫፉ ብቻ አስነክሼ እቆልፈዋለሁ። ወረቀቱን ስስበው ሳይቀደድ ሾልኮ ከወጣ ያ ጫፍ ትንሽ ብሎን አይዝም። ከዚያ ክፍት አድርጌ ሁለቱን መንጋጋ በእጆቼ ወደ ጎን አወዛውዛለሁ፤ ሪቬቱ ልል ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ማስተካከያ ብሎኗን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞራታለሁ፤ የምትነክስ ወይም የምትንገዳገድ ከሆነች አልወስድም። በመጨረሻም ከቤት ይዤ የሄድኩትን አሮጌ ብሎን አስነክሼ ደጋግሜ አዞራለሁ፤ ከዚያ ጥርሱን አያለሁ። ብሎኑ መቧጨር አለበት፤ የፒንሳው ጥርስ ግን መነካት የለበትም። ከመንገድ ዳር የገዛሁት ፒንሳ ጥርስ ለአንድ ቀን ሥራ ነው ያለሰለሰው። ይህን ሁሉ ስታደርጉ የሚቆጣ ሻጭ አለ። የማይቆጣ ጋ ሂዱ።

ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ይቻላል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ይቻላል። ጥሩ ብረት ያለው አሮጌ ፒንሳ ከመጥፎ አዲስ ይሻላል። ጥርሱ ስለታም፣ ስፕሪንጉ ያለ፣ ጫፉም የሚገጥም ከሆነ ውጩ መዛጉ አያስፈራችሁ። ደረሰኝ ግን አምጡልኝ። ያለ ደረሰኝ መጥታችሁ «እመኚኝ» እንዳትሉኝ፤ አምናችኋለሁ፣ ኦዲተሩ ግን አያምነኝም።

ዋጋ አልጠራላችሁም። የጠየቅኩት በሌላ ሳምንት ተለውጦ ይጠብቀኛል። ይህን ብቻ ልበል፦ እኔ ከገዛሁት ርካሽና መግዛት ከነበረብኝ ደህና ፒንሳ መሐል ያለው የዋጋ ልዩነት፣ መኪናው ከቆመበት ከ11 ቀን የአንዷን ቀን ገቢ እንኳ አይሞላም። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፌ አይቼዋለሁ።

አሁን አጠቃቀሙን በአጭሩ። ቫይስ ግሪፕ የመጨረሻው መሣሪያ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ የነከሰው ብሎን ራስ ከዚያ በኋላ አይጠገንምና። መጀመሪያ በብሎኑ መግቢያ ውስጥ ያለውን ዝገትና የክር ብናኝ በመርፌ ጠርጉ። ልኩ የሆነ ካቻቪቴ ፈልጉ፤ ጠፍጣፋው መግቢያውን ጥግ እስከ ጥግ መሙላት አለበት፣ ባለ ኮከቡም ሲገባ መወዛወዝ የለበትም። ባለ ኮከቡ በባሕርዩ ኃይል ሲበዛበት ወደ ላይ እየወጣ መግቢያውን ይበላል፤ ስለዚህ ከምታዞሩበት ጉልበት የምትጫኑበት ይብለጥ። እምቢ ካለ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጉበትና ተዉት። እዚህ ላይ ሁላችንም ትዕግሥት የለንም። አምስት ደቂቃ ጠብቀን «አልሠራም» እንላለን። ማታ ጠብ አድርጋችሁ ጠዋት ተመለሱ። ብሎኑን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጎ ደጋግሞ መኮርኮርም ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ የስፌት መኪና ላይ ግን በጣም በቀስታ፣ የመርፌውን ዘንግ እንዳታጣምሙ። ደግሞ ከመፍታታችሁ በፊት ትንሽ ወደ ማጥበቅ ሞክሩ። አንዲት ቅንጣት ከተንቀሳቀሰ ተፈታ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ፒንሳውን አንሱ። መንጋጋው የብሎኑን ራስ እስኪነካ ድረስ ማስተካከያውን አዙሩ፤ ከዚያ ክፈቱትና ሩብ ዙር ያህል ጨምራችሁ ቆልፉት። ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። በአንድ እጅ የማይዘጋ ከሆነ አብዝታችኋል። ትንሽ ላሉት፤ ያለዚያ የብሎኑን ራስ ታደቁታላችሁ ወይም ፒንሳውን ትሰብሩታላችሁ። ስታዞሩ በአንድ ጊዜ አትሳቡ። ጥቂት ወደ መፍታት፣ ጥቂት ወደ መመለስ፣ እንደገና ዘይት። እጃችሁ ብሎኑ እንደ ሙጫ እየተጠማዘዘ እንደሆነ ከተሰማው ወዲያው ቁሙ፤ ሊቆረጥ ነው። ያ ስሜት ለእኔም መጥቶልኝ ነበር፤ መፈታቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ስትለቁት ደግሞ ምላሷን ስትጫኑ እጀታው በድንገት ይፈናጠራል፤ ጣታችሁን መሐል አታግቡ። የዝገት ፍርፋሪም ወደ ዓይን ይዘላል፤ መነጽር ያላት ታድርግ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የምትሠሩ፣ ከታች ያሉት ብሎኖች በሙቀቱና በእንፋሎቱ ምክንያት ቶሎ ስለሚዝጉ ይህን ዕቃ ከሁላችንም በላይ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ምጣዱ በደንብ ይብረድ። ዘይት የነካውን ቦታ ሳትጠርጉና ሳታደርቁ መልሳችሁ አትሰኩ፤ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

የማይሆንበት ቦታም አለ። ራሱ ከላዩ እኩል የሰመጠ ብሎን፣ ለምሳሌ የስፌት መኪናው የመርፌ ሳህን ላይ ያሉት ሁለቱ፣ ለፒንሳ የሚያዝ ነገር የላቸውም። ዙሪያውን ለመቆፈር አትሞክሩ፤ ሳህኑን ታበላሻላችሁ። በካቻቪቴው ጫፍና በብሎኑ መሐል ስስ የላስቲክ ቁራጭ አድርጎ ተጭኖ ማዞር አንዳንዴ ይሠራል። ካልሠራ ጠጋኝ ጥሩ። ለዚህ ክፍያ አልከራከርም፤ ቃሌ ነው። የጋዝ ሲሊንደር ላይ ግን ቫይስ ግሪፕ ጭራሽ አታስጠጉ። ብዙዎቹ ማገናኛዎች ጥርሳቸው ወደ ግራ የዞረ ስለሆነ፣ ስንፈታ የምናጠብቅ፣ ስናጠብቅ የምንፈታ ነን። ጋዝ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

የወጣውን ብሎን አትጣሉ። የስፌት መኪና ብሎን ጥርሱ ብዙ ጊዜ ከተለመደው ባለ ሚሊ ሜትር ብሎን ይለያል። «ይመስላል» ብላችሁ ሌላ ብታስገቡበት የመኪናውን ጥርስ ይበላዋል፤ ያኔ የሚቀየረው ብሎን ሳይሆን ክፍሉ ነው። የተበላሸውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተያይታችሁ ግዙ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል፤ በአክብሮት ነው። የስጦታ መዝገባችን ላይ የስፌት መኪና አለ፣ ምጣድ አለ፣ የመኪኖቹ ርክክብ ፎቶግራፍም ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ ሳየው ደስ ይለኛል። ካቻቪቴ ግን የለም። ዘይት የለም። በስምምነታችን የገንዘብ መደብ ውስጥም ለእነዚህ የሚሆን መስመር የለም፤ ከሌላ መስመር ብወስድ ሪፖርቱ ላይ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መኪና የሚሰጥ ሰው መኪናው እንዲሠራ ስለሚፈልግ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቀጥለውን ስምምነት ስንጽፍ ለእጅ መሣሪያና ለመለዋወጫ ትንሽ መስመር ብትጨምሩልን፣ ከአንድ ተጨማሪ መኪና ይልቅ ያሉን ሁሉ ይሠሩ ነበር።

ለአባላት ደግሞ ሁለት ነገር አቀርባለሁ፤ ሁለቱም ድምፅ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ከመጠባበቂያችን ሁለት የሚቆለፉ ፒንሳዎች እንዲገዙ፦ አንድ ባለ ቀጭን አፍንጫ 6 ኢንች ለስፌቱና ለምጣዱ፣ አንድ መሐሉ ጎድጓዳ የሆነ 7 ኢንች ለወፍጮው፤ ከልካቸው ካቻቪቴዎችና ከአንድ ጣሳ ዘይት ጋር። 10 ኢንቹ አለን፤ የውኃ ቧንቧችን ሲያስቸግር ይሠራል።

ሁለተኛ፣ እህታችን ላጣችው የ11 ቀን ሥራ ማኅበሩ እንዲከፍላት። ጥያቄው የእሷ አይደለም፤ እንደማቀርበውም አታውቅም፤ አሁን አንገቷን እንደደፋች እያየኋት ነው። የተሰበረው የማኅበሩ መኪና ነው፣ የሰበርኩትም የማኅበሩ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ስሌቱን በሁለት መንገድ ሠርቼዋለሁ፤ ወረቀቱ ጸሐፊያችን ዘንድ አለ፤ ማየት የምትፈልጉ ተመልከቱት። ኮሚቴው ከራሴ ደመወዝ ይቆረጥ ካለም አልቃወምም።

ድምፅ እስክትሰጡ ትንሽ ጊዜ አለን። ሰሞኑን አልፈታ ያላችሁ ብሎን ያለበት ዕቃ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እዚያ በመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ዘይቱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠብ ጠብ አድርገንበት ነገ ጠዋት እንመለስበታለን።